የታሰረችው ብስክሌቴና «የገሊላ ጉልበት» የተባለው ኩርባ

ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ዘላለም ጌታነህ፣
የወፍጮ ሸለቆ ቅርስና የብስክሌት መስመር ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ሐረር።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰነበቱ? የእርስዎ ጤና፣ የባለቤትዎ ጤና፣ የልጆችዎ ጤና፣ የጽሕፈት ቤትዎ ማኅተም ጤና እንደምን ነው? ማኅተሙን ለይቼ መጠየቄ አይግረምዎት፤ ሰነዴን ተከትዬ በመጣሁባቸው ቀናት ሁሉ «ዛሬ የለም» እየተባልኩ ስለተመለስኩ፣ አንዳች ክፉ ሕመም ይዞት እንደሆነ ሰግቼ ነው። ከሁሉም በላይ ግን ፈጣሪ ጉልበትዎን እንዲጠብቅልዎ እለምናለሁ። ለሕዝብ ሲሉ ባሕር ማዶ ተሻግረው ብስክሌት የነዱ ሰው ስለሆኑ፣ ጉልበትዎ የራስዎ ብቻ አይደለም። የጉልበትን ነገር በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ደጋግሜ ስለማነሳው ከወዲሁ ቢለምዱት መልካም ነው።

እኔ ገሊላ ወልደሚካኤል እባላለሁ። ሐረር ተወልጄ ያደግሁ፣ በታሪክ ትምህርት ዲግሪ ይዤ ከከተማዋ በአንዱ ትምህርት ቤት የማስተምር የሃያ ሰባት ዓመት ሴት ነኝ። ይህን የምጽፈው እርስዎ ስለማያውቁኝ አይደለም፤ እንደማያውቁኝ በፊርማዎ ስላረጋገጡ፣ ቢያንስ ለአንባቢ ራሴን ላስተዋውቅ ብዬ ነው። ብስክሌቴን ግን በሚገባ ያውቋታል። ሰማያዊ ናት፤ ኮርቻዋ በቡናማ ፕላስተር ተጠግኗል፤ ከሚያዝያ 18 ቀን ጀምሮ፣ እነሆ ሃያ ሦስት ቀን፣ በጽሕፈት ቤትዎ ዕቃ ግምጃ ቤት ከተሰበሩ ወንበሮችና ካለፉ በዓላት ባነሮች ጋር ታስራ ትገኛለች።

ጽሕፈት ቤትዎ ብስክሌቴን ለመመለስ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «የግዴታ መግለጫ» የሚል ባለ አንድ ገጽ ቅጽ መፈረም። በቅጹ ላይ ሁለት ነገር እንዳምን ተጠይቄያለሁ። አንደኛው፣ በመስመሩ ላይ ያለ ፈቃድ ሰው ማስጎብኘቴን ነው። ሁለተኛው፣ የመስመሩ ጥናት፣ ካርታና የታሪክ ጽሑፍ ሙሉ በሙሉ የጽሕፈት ቤቱ ሥራ መሆኑንና ወደፊትም በዚህ ጉዳይ ጥያቄ የማላነሳ መሆኔን ነው። ቅጹን አምስት ጊዜ አነበብኩት። ብስክሌቴን ያስያዛት የመጀመሪያው ጥፋት ከሆነ፣ ሁለተኛው አንቀጽ እዚያ ምን ይሠራል? ማንም የማያውቃት ሴት ጥያቄ እንዳታነሳ ማስፈረም ለምን አስፈለገ? እንዲህ እያለች የምትጎተጉት ክፉ ልብ ስላለችኝ አልፈረምኩም። ይልቁንም ጥርጣሬዎቼን በቁጥር ከፋፍዬ በአደባባይ ላቀርብልዎ ወሰንኩ፤ በመዝገብ ቤትዎ በኩል የሚገባ ወረቀት የት እንደሚደርስ ስለማላውቅ ነው፤ ወይም ደግሞ ስለማውቅ።

1ኛ፦ አልደረሰም ስለተባለው ሰነድ

በ2015 ዓ.ም. ቅዳሜና እሑድ በመጣ ቁጥር ከኤረር በር ተነስቼ በብስክሌት ወደ ወፍጮ ሸለቆ እወርድ ነበር። ከተማችንን ሊጎበኝ የመጣ ሰው ግንቡን ዞሮ፣ ጅብ ሲጎርስ አይቶ ይመለሳል፤ ከግንቡ በታች ግን በጫት ማሳና በማሽላ መካከል፣ ከተማዋን ያጠጣና ያነጸ ሌላ ታሪክ ዝጎ ተቀምጧል። በመጀመሪያ የድሮው የውኃ መግፊያ ጣቢያ፣ ቀጥሎ የጡብ ምድጃው፣ ከዚያም ወደ ሶፊ በሚወስደው ቁልቁለት መጨረሻ የአካባቢው ሰው «ወፍጮ» የሚለው የቡና መቀሸሪያ። እነዚህን በአሥራ አንድ ኪሎ ሜትር የብስክሌት መንገድ አገናኝቼ፣ ካርታ ሠርቼ፣ በየማሽኑ ላይ ዕድሜያቸውን የጨረሱትን ሰዎች ፈልጌ አርባ አንድ ገጽ ጻፍኩ።

ከሰዎቹ አንዱ ጋሼ ሀብተወልድ ናቸው። በውኃ መግፊያው ሠላሳ አንድ ዓመት የሞተር ሠራተኛ ነበሩ። ሞተሩ ያመመው ሲመስላቸው የካቻቪቴውን ጫፍ በሞተሩ አካል ላይ፣ እጀታውን በጆሯቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡ ነበር። «ሞተር እንደ ሕፃን ነው፤ የት እንዳመመው አይነግርሽም፤ ጆሮ ከሰጠሽው ግን አይደብቅሽም» ብለውኛል። ይህ በሰነዴ አሥራ ሁለተኛ ገጽ ላይ ከነስማቸው ይገኛል።

ሰነዱን ነሐሴ 9 ቀን 2015 ዓ.ም. ለመዝገብ ቤትዎ አስረከብኩ። የመዝገብ ቤቷ ወይዘሮ ዕፀገነት መልካም ሴት ናቸው፤ «ተይልኝ የኔ እናት፤ ማኅተሙን የያዘው ሰው ሲመለስ እመታበትና ቅጂሽን እሰጥሻለሁ» አሉኝ። ሰውዬው ሳይመለስ ቀረ። አራት ጊዜ ተመላለስኩ። በአራተኛው ወይዘሮ ዕፀገነት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ወደ ላይ ወስደውታል፤ ሳይወዱት አልቀሩም» አሉኝና እየበረርኩ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ያን ቀን ሳልጠረጥር ያለፍኩትን፣ ዛሬ ከነወለዱ እየጠረጠርኩ ነው።

2ኛ፦ ስለ ዌልስ

በሰነዴ ሦስተኛ ገጽ ላይ ዌልስ ስለምትባል አገር ጽፌ ነበር። እኔ ዌልስን አላየኋትም፤ የማውቃት በንባብ ነው። የድንጋይ ከሰል ይወጣባቸው በነበሩ ሸለቆዎቿ ውስጥ ከሰልና ብረት ያመላልሱ የነበሩ ሐዲዶች ተነቅለው መስመራቸው የብስክሌት መንገድ መሆኑን፣ ሰው በወንዝ ዳር እየነዳ የማዕድን ጉድጓዶቹን መንኮራኩሮችና የቀዘቀዙ የብረት ማቅለጫዎችን እያየ እንደሚያልፍ አንብቤ፣ «እኛስ?» የሚል አንድ ጥያቄ አስፍሬ ነበር። ጥያቄዬ ለካ እግር ነበረው። ሰነዴ ወደ ላይ በወጣ በሰባተኛው ወር፣ እርስዎ «ለልምድ ልውውጥ» ዌልስ መግባትዎን ከጽሕፈት ቤትዎ የፌስቡክ ገጽ ተረዳሁ። ከዓለም አገሮች ሁሉ ዌልስ ለምን ተመረጠች ብዬ ብጠረጥር አይፍረዱብኝ፤ ከሐረር ተነስቶ መንገድ ስቶ ዌልስ የሚደርስ ሰው ብዙ አይደለም።

ፎቶግራፎችዎን አንድ በአንድ ተመልክቻለሁ። በመጀመሪያው ላይ ዝናብ ይዘንባል፤ ከሄልሜትዎ ላይ የዋጋ ወረቀቱ እንደተንጠለጠለ ነው። በሁለተኛው አንድ የአገሩ በግ መንገዱ መሐል ቆሞ ከእርስዎ ጋር ተፋጥጧል፤ ማን ለማን እንዳሳለፈ ገጹ አይናገርም። ሦስተኛው ላይ ግን ብዙ ቆየሁ። ከአንድ ትልቅ የብረት መንኮራኩር ሥር ብስክሌትዎን ይዘው ቆመዋል፤ ከኋላዎ ግድግዳ ላይ አንድ ሰሌዳ አለ። ፎቶውን አጉልቼ አነበብኩት፤ ስሞች ናቸው። በዚያ ጉድጓድ የሠሩ ሰዎች ስም ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል፤ ከመሐላቸው ጥቂቱን ብቻ የእርስዎ ትከሻ ጋርዶታል።

ሦስተኛ ገጼ በአውሮፕላን ተሳፍሮ፣ ዌልስን ጎብኝቶ፣ በደኅና በመመለሱ እኔም ቤተሰቤም ኩራት ተሰምቶናል። ባለቤቱ ባትሄድም ገጹ ሄዷልና ስለ ውለታዎ አመሰግናለሁ። ያቺን ትከሻዎን ግን ልብ ይበሉልኝ።

3ኛ፦ ስለ ምረቃውና ስለ ሰሌዳዎቹ

መስመሩ ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። አልተጠራሁም፤ የማይታወቅ ሰው አይጠራምና አልተቀየምኩም። ከሕዝቡ ጋር ቆሜ ንግግርዎን አዳመጥኩ። የመስመሩ ሐሳብ በዌልስ ዝናብ ውስጥ ፔዳል እየመቱ ሳለ ድንገት እንደበራልዎ ሲናገሩ አጨበጨብኩ። ዝናብ ወረቀትን እንደሚያጠፋ አውቅ ነበር፤ ወረቀት እንደሚያወርድ ግን ያን ቀን ተማርኩ።

በሳምንቱ ጋሼ ሀብተወልድን በባጃጅ ይዤ ወደ ውኃ መግፊያው ወረድኩ። ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው ማንበብ አይችሉም፤ «ሰሌዳ ተሰቀለ ሲሉ ሰማሁ፤ ውሰጂኝና አንብቢልኝ» ብለውኝ ነው። ሰሌዳው ያማረ ነው። እንዲህ ይላል፦ «በዚህ ጣቢያ የሞተር ሠራተኞች ካቻቪቴ ከጆሯቸው ጋር አገናኝተው የሞተሩን ሕመም ያዳምጡ ነበር።» ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። እጃቸውን በዘንጋቸው ላይ እንዳደረጉ «እስኪ ድገሚው» አሉኝ። ደገምኩት።

«ዘለልሽው እንዴ፣ ልጄ?» አሉኝ።

ክቡር ሆይ፣ እኔ ፈተና የምፈራ ሴት አይደለሁም፤ ይህችን ጥያቄ ግን ፈራኋት። አልዘለልኩም ብላቸው የዘለለው ማን እንደሆነ ሊጠይቁኝ ነው። «ለስም ሌላ ሰሌዳ እየተሠራ ነው፣ ጋሼ» ብዬ ዋሸኋቸው። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ አመኑኝና «ግድ የለም፣ ይደርሳል» አሉ። በዌልስ ጥቂት ስሞችን የጋረደው ትከሻዎ ሐረር ሲመለስ ሁሉንም እንደጋረደ ያን ጊዜ ገባኝ። በስድስቱም ሰሌዳዎች ላይ «ሠራተኞች»፣ «እናቶች»፣ «የአካባቢው ማኅበረሰብ» አሉ፤ በሰው ስም የተጠራ አንድ ሰው ግን የለም። ማለቴ፣ ከአንዲት በስተቀር የለም። እሷን ለመጨረሻ አቆይቻታለሁ።

4ኛ፦ ስለ ጽሕፈት ቤትዎ ፍጥነት

ጥር 28 ቀን የቅሬታ ማመልከቻ አስገባሁ። የሰጡኝ መልስ አጭርና ግልጽ ነው፤ «በተጠቀሰው ስም ለጽሕፈት ቤታችን የገባ ምንም ዓይነት ሰነድ የለም፤ አመልካቿንም አናውቅም» ይላል። ለትሕትናው አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም፤ መልሱ የተጻፈበት ቀን ጥር 27 ነው። በዚህ አገር ለአንድ ማመልከቻ መልስ ለማግኘት ወራት የሚጠብቅ ሕዝብ ባለበት ዘመን፣ ከመጠየቁ በፊት የሚመልስ ጽሕፈት ቤት በመካከላችን መኖሩን ሳልናገር ባልፍ ንፉግነት ይሆንብኛል። ወይስ ጥያቄው እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው ነበረ? ሌባ እናት ልጇን አታምንም እንዲሉ፣ እኔም ቀን መቁጠሪያዬን ተጠራጥሬ ሦስት ቤት ዞሬ አመሳክሬያለሁ፤ በሦስቱም ቤት 27 ከ28 ይቀድማል።

5ኛ፦ ስለ ፈቃዱና ስለ ብስክሌቴ እስር

በመጋቢት ወር በመስመሩ ላይ ሰው ለማስጎብኘት ፈቃድ፣ ለፈቃዱም ሥልጠና ያስፈልጋል ተባለ። ሕግ አክባሪ ነኝና ለመመዝገብ ቀረብኩ። «የትምህርት ዝግጅትሽ ከመስመሩ ጋር አይገናኝም» ተብዬ ተመለስኩ። ሥልጠናውን የወሰደችው ጓደኛዬ ፋጡማ የተሰጣትን የማሠልጠኛ ጽሑፍ ስታሳየኝ ግን ዓይኔን ማመን አቃተኝ፤ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ ሠላሳ ሰባተኛው ድረስ የእኔው ሰነድ ነው፤ በዘጠነኛው ገጽ ላይ ሁለት ጊዜ የደገምኳት ቃል እንኳ እንደተደገመች ናት። እንግዲህ እኔ እንዳልቀመጥ የተከለከልኩት ፈተና በእኔው መልስ እየታረመ ነው ማለት ነው። ጽሑፉ ለምን በሠላሳ ሰባተኛው ገጽ ላይ እንደቆመ ግን አሰብኩበት። የቀሩት አራት ገጾች አባሪ ናቸው። አባሪ የሚያነብ ሰው ጥቂት ነው፤ እኔም ተማሪዎቼን ዘወትር የምገሥጽበት ጉዳይ ነው።

ሚያዝያ 18 ቀን ቅዳሜ ስድስት ሴት ተማሪዎቼን በተከራዩት ብስክሌት አስከትዬ ወረድኩ። በመስመሩ መግቢያ ላይ ጥበቃው ነስሮ አስቆመን። ነስሮን ከልጅነቱ አውቀዋለሁ፤ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «አቦ ገሊላ፣ በእኔ አትቀየሚ፤ ታዝዤ ነው፤ ይኸው ስምሽ» አለና ብጣሽ ወረቀት አሳየኝ። ወረቀቱ ላይ «ገሊላ ወልደሚካኤል፣ ሰማያዊ ብስክሌት፣ ቅዳሜ ጠዋት ትመጣለች» ተብሎ ተጽፏል። ልደት የምትባለው ተማሪዬ አንገቷን አስግጋ አነበበችውና «ቲቸር፣ አናውቃትም ብለው የለም እንዴ? ታዲያ ቀለሙን ማን ነገራቸው?» አለች። ነስሮም ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን አዞረ። አመልካቿን የማያውቅ ጽሕፈት ቤት የምትነዳውን ብስክሌት ቀለም፣ የምትመጣበትን ቀንና ሰዓት ያውቃል።

ብስክሌቴ ከዚያው ከመግቢያው ተወሰደች። ሰኞ ዕለት የተሰጠኝ ደረሰኝ «ብስክሌት አንድ፣ ለጊዜው በቁጥጥር ሥር ይቆያል» ይላል፤ ከሥሩ «ዘላለም» የሚል ፊርማ አለ። የቱን እንደማምን እስካሁን አላወቅሁም።

ባለፈው ሐሙስ ስለ ብስክሌቴ ልጠይቅ መጥቼ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ስባል፣ በግምጃ ቤቱ መስኮት አጮልቄ አየኋት። ጎማዋ ላይ ቀይ ጭቃ አለ። እኔ ሳስረክባት ንጹሕ ነበረች፤ እንዲህ ያለ ቀይ ጭቃ ደግሞ ከጡብ ምድጃው ሥር በስተቀር በሸለቆው ውስጥ የለም። ኮርቻዋም ለእኔ ቁመት ከተስተካከለበት በአራት ጣት ከፍ ብሏል። የታሰረች ብስክሌት ማን ነድቷት እንደዋለ አላውቅም፤ ከእኔ በአራት ጣት የሚረዝም ሰው መሆኑን ብቻ አውቃለሁ። በዚህ ጉዳይ ላይ ከፊርማዬ በታች አንድ ቃል አለኝ።

6ኛ፦ ስለ ቅድስት ገሊላ

አሁን በሰሌዳዎችዎ ላይ ስሟ ወደ ተጠራው ብቸኛ ሰው ልምጣ። ከጡብ ምድጃው ወደ ቡና መቀሸሪያው ሲወረድ መንገዱ ድንገት ወደ ግራ የሚታጠፍበት ኩርባ አለ። እዚያ ላይ ጽሕፈት ቤትዎ ያቆመው ሰሌዳ እንዲህ ይላል፦ «የገሊላ ጉልበት። ከጥንት ጀምሮ በአካባቢው ሕዝብ ዘንድ በታላቅ አክብሮት የሚታይ ሥፍራ ሲሆን፣ ገሊላ የተባለች ደግ ሴት በጉልበቷ ተንበርክካ ለመንገደኞች የጸለየችበት እንደሆነ አባቶች ይናገራሉ።»

የትኞቹ አባቶች እንደተናገሩ ባውቅ ቡራኬያቸውን እቀበል ነበር። ክቡር ሆይ፣ ያቺ ገሊላ እኔ ነኝ። ጉልበቱም የእኔ ግራ ጉልበት ነው። ሚያዝያ 14 ቀን 2015 ዓ.ም. ያን ኩርባ ስወርድ ፍሬን እምቢ ብሎኝ ወድቄ ጉልበቴን ላጥኩት፤ ካርታዬን ስሠራም ለራሴ መሳቂያ ብዬ ኩርባውን «የገሊላ ጉልበት» ብዬ ሰየምኩት። ይህ በሠላሳ ስምንተኛው ገጽ ላይ፣ በአባሪው መጀመሪያ፣ «ይህ ስም ቀልድ ነው፤ ከመታተሙ በፊት ይውጣ» ከሚል ማሳሰቢያ ጋር ተገልጿል። ሠላሳ ሰባት ገጽ የገለበጠ ሰው አንዲት ገጽ ቢጨምር ኖሮ፣ አገራችን አንዲት ቅድስት ባላተረፈች ነበር።

ማስረጃ ቢያስፈልግ አለኝ። የጤና ጣቢያው ካርድ ቀኑን ይዟል። ጠባሳው ጉልበቴ ላይ አለ። ምስክሬ ደግሞ ከኩርባው አጠገብ የሚኖሩት እማማ አሚና ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በመቀሸሪያው ቡና ሲለቅሙ የኖሩ፣ የሸለቆውን ነገር ግማሹን ያስተማሩኝ ሴት ናቸው። የወደቅሁት የዒድ ማግስት ነበርና የበዓል ልብሳቸውን እንደለበሱ ሮጠው መጥተው ቁስሌን አጠቡልኝ። ሰሌዳው ሲነበብላቸው ለሰበሰቡት ጎረቤት ሁሉ እንዲህ አሉ፦ «ወላሂ፣ ያን ጉልበት በዚህ እጄ ያጠብኩት እኔ ነኝ! ስትወድቅ ከአፏ የወጣውም ጸሎት አልነበረም፤ ልድገመው ብል አላህ ይቆጣኛል። ወሊይ የሆነችው መቼ ነው አቦ?»

ነገሩ ግን በሳቅ አላበቃም። ባለፈው ወር ከሩቅ የመጡ ሁለት ጎብኚዎች ከሰሌዳው ሥር አፈር ዘግነው፣ በላስቲክ ቋጥረው ሲወስዱ በዓይኔ አይቻለሁ። ለጉልበት ሕመም ነው አሉ። ከማንም ይልቅ የእኔ ጉልበት በብርድ ሲያመኝ የሚያድርበትን ምክንያት ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ተውኩት፤ ፈቃድ የለኝምና ማስጎብኘት ይሆንብኛል።

ክቡር ሆይ፣

ከዚህ በኋላ የሚቀረኝ መልሴን ማሳወቅ ነው። «የግዴታ መግለጫ» የተባለውን ቅጽ ሳልፈርም ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ መልሻለሁ። ብስክሌቴን እፈልጋታለሁ፤ በእሷ የሄድኩባቸው መንገዶች ከዲግሪዬ የበለጠ አስተምረውኛል። ነገር ግን ያን ወረቀት ብፈርም ጋሼ ሀብተወልድ የጠየቁኝን ጥያቄ «አዎ፣ ዘለልኩዎት» ብዬ መመለሴ ነው፤ እኔ ደግሞ ስም የምዘል አንባቢ አይደለሁም። ስለዚህ ብስክሌቴ ያለ ምንም ፊርማ ትመለስልኝ፤ በየሰሌዳው ላይም የሠሩት ሰዎች ስም ይጻፍ። የእኔን ስም ከታች በትንሽ ፊደል ቢያደርጉት አልቀየምም፤ ቅዱሳን ትሑታን ናቸው።

ስሞቹ ከየት ይገኛሉ ብለው እንዳይቸገሩ፣ ቅዳሜ ግንቦት 16 ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ወደ ሸለቆው እወርዳለሁ። ብስክሌት ስለሌለኝ በእግሬ ነው። በእግር ለመሄድም ፈቃድ ያስፈልጋል የሚል ደንብ እስከ ዓርብ ማታ ካልወጣ፣ ወይም የዓርቡ ደንብ በሐሙስ ቀን ካልተጻፈ፣ ስድስቱ ተማሪዎቼም አብረውኝ ይመጣሉ። እያንዳንዷ ስም የተጻፈበት ካርቶን ትይዛለች። በውኃ መግፊያው ደጃፍ ላይ ልደት አሥራ ሁለተኛውን ገጽ ከነስሙ ጮክ ብላ ታነባለች፤ ጋሼ ሀብተወልድም በዘንጋቸው ተደግፈው ያዳምጣሉ። «ድገሚው» ቢሏት ትደግምላቸዋለች። እርስዎም በክብር ተጋብዘዋል። የሚቆሙበትን ቦታ ግን እኛ እንመርጥልዎታለን፤ ትከሻዎ ሰፊ ነውና።

ሥራ የሚበዛበትን ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ለጥያቄዬ እንደ ልማድዎ ገና ሳልጽፈው መልስ እንደሰጡበት በመተማመን፣ ጤናዎና ሥልጣንዎ፣ በተለይም ጉልበትዎ እንዲጸናልዎ የምመኝ፣

ያልተመዘገብኩት፣ ያልታወቅሁትና ሳልሞት የተቀደስኩት

ገሊላ ወልደሚካኤል
(ሰሌዳ ቁጥር አራትን ይመልከቱ)

ማሳሰቢያ፦ የብስክሌቴን ኮርቻ ከፍ አድርጎ በወፍጮ ሸለቆ ለሚነዳት፣ ማን እንደሆነ ለማላውቀው ረዥም ሰው አንድ ነገር በአደራ ይንገሩልኝ። የፊት ፍሬኗ በዚያ ኩርባ ላይ አይይዝም፤ እኔንም የጣለኝ እሱ ነው፤ እስካሁንም አልተሠራም። ማስጠንቀቂያው ሠላሳ ስምንተኛው ገጽ ላይ ነበረ። ሰውዬው አይበለውና እዚያው ቢወድቅ ግን ሰሌዳውን እኔው በራሴ እጅ እለውጠዋለሁ፤ የአዲሱን ስም ባለቤትም ከነአባቱ እጽፋለሁ። ያኔ በአሥራ አንዱ ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ፣ እርስዎም ጉልበትዎን ያፈሰሱበት አንድ ቦታ ይኖርዎታል።